ከቀብር በፊት፤ ስለ ሜምፊስ ጠራጊዎች ዕርቅና ስለ ሕሙማን መዋያ ቤቶች ታሪክ

ለሞተ ሰው ክብር የማይሰጥ አገር የለም። ሟቹ ድኻም ቢሆን መቃብር ይቈፈርለታል፥ ከፈን ይገዛለታል፥ ጎረቤትም ሥራውን ፈትቶ ይሸኘዋል። ነገር ግን አንድ ከተማ ሰውን ምን ያህል እንዳከበረ የሚታወቀው በቀብሩ ቀን ባወጣው ገንዘብ አይደለም፤ ሰውየው በሕይወቱ ሳለ፥ ይልቁንም ሥራው ዝቅ ያለ መስሎ በታየ ጊዜና ጕልበቱ ከድቶት በአልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ በተደረገለት ነገር ነው። ይህንንም በ20ኛው መቶ ዓመት የሆኑ ሁለት ታሪኮች አጕልተው ያሳያሉ። አንደኛው በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ በማዘጋጃ ቤቱና በጥራጊ አንሺዎቹ መካከል የተነሣው ጠብና የጠቡ ፍጻሜ ነው። ሁለተኛው የማይድን ደዌ የያዛቸው ሰዎች ከቤታቸውና ከሰፈራቸው ሳይለዩ የሚጽናኑበት፥ ቀን ቀንም እየመጡ የሚውሉበት ቤት እንዴት እንደ ተዠመረ ነው። ሁለቱ ነገሮች ከሩቅ ሲያዩዋቸው የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን የአንድ ጥያቄ ሁለት ገጽ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ የሚቈጠረው እንደ ኤውሮጳውያን ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ቀኖች ግን በኢትዮጵያም አቈጣጠር ተመልክተዋል።

ሜምፊስ በቴኔሲ ግዛት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተሠራች፥ በጥጥ ንግድ የበለጸገች ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው በዓባይ ወንዝ አጠገብ ከነበረችው ከጥንቷ የግብጽ ከተማ ነው፤ ያችውም ነቢዩ ሆሴዕ ከመቃብር ጋራ አያይዞ ያነሣት ሜምፎስ ናት። በአሜሪካይቱ ሜምፊስ ጥራጊ የማንሣት ሥራ ከሞላ ጐደል ለጥቍሮች ብቻ የተተወ ነበር፤ አለቆቻቸው ግን ነጮች ነበሩ። ሠራተኞቹ ከየቤቱ ጓሮ ጥራጊውን በገንዳ እየሞሉ በራሳቸውና በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መኪናው ያመጡ ነበር፤ ገንዳው የተሸነቈረ እንደ ሆነ እድፉ በራሳቸውና በልብሳቸው ላይ ይወርድ ነበር። ቀኑን ሙሉ እየሠሩ ደመወዛቸው ቤተ ሰብ የሚችል ስላልነበረ፥ ብዙዎቹ ሥራ ለሌላቸው ድኾች የሚሰጠውን የመንግሥት ርዳታ ለመቀበል የሚገባቸው ሆነው ይገኙ ነበር። ዝናብ በዘነበ ቀን ጥቍሮቹ ሠራተኞች የሁለት ሰዓት ዋጋ ብቻ ተቀብለው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ሲታዘዙ፥ ነጮቹ አለቆች ቈይተው የሙሉ ቀን ዋጋ የተቀበሉበት ጊዜ ነበር።

ይህን ነገር በማኅበር ሆነው ለማቅናት ያልሞከሩ አይደሉም። በ1963 ማኅበር ለማቆም በተነሡ ጊዜ 33 ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ። ከተባረሩትም አንዱ ቲ. ኦ. ጆንስ የተባሉ ሰው፥ ነገሩን ሳይተዉ ቤት ለቤት እየዞሩ ጓደኞቻቸውን አስተባበሩ። በ1966 ደግሞ ሥራ ለማቆም ቢያስቡ ከተማው የፍርድ ቤት መከልከያ አወጣባቸው፤ አሳቡም ከመጀመሪያው ተቀጨ። ሰው አንድ ጊዜ ተባርሮ፥ ሁለተኛ ጊዜ ተከልክሎ፥ ሦስተኛ ጊዜ ለመነሣት ከባድ ምክንያት ያስፈልገዋል። ያም ምክንያት በዝናብ ቀን መጣ።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968፥ ማለት ጥር 23 ቀን 1960 ዓመተ ምሕረት፥ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ኃይለኛ ዝናብ ስለ ወረደባቸው በጥራጊው መኪና ኋላ ገብተው ተጠለሉ። በነጮች ሰፈር በሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ዝናብ ማሳለፍ ለእነርሱ የተፈቀደ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ጥራጊውን የሚጨፈልቀው መሣሪያ በድንገት ተነሥቶ ሁለቱንም ገደላቸው። መኪናው ያረጀ ነበር፤ ስለ እንደዚህ ያሉ መኪናዎችም ሠራተኞቹ አስቀድመው አቤት ብለው ነበር። ሟቾቹ እንደ ቀን ሠራተኛ ስለ ተቈጠሩ ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው የሚተርፍ ዋስትና አልነበራቸውም። ከተማውም ለየቤተ ሰቡ የአንድ ወር ደመወዝና ለቀብር 500 ዶላር ሰጠ። ይህን 500 የሚል ቍጥር አንባቢ ልብ ይበለው፤ ወደ ኋላ በሌላ አገር ሌላ 500 ይገኛልና፥ የሁለቱም ልዩነት የዚህን ነገር ምሥጢር ይገልጣል።

ከ11 ቀን በኋላ፥ ፌብሩዋሪ 12 ቀን፥ የካቲት 4 ማለት ነው፥ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የጠየቁትም ደመወዝ እንዲጨመር፥ መሣሪያው እንዲታደስ፥ ሹመት በቀለም ሳይሆን በዘመንና በችሎታ እንዲሆን፥ ከሁሉም በላይ ከተማው ማኅበራቸውን እንዲያውቅላቸውና የማኅበሩ መዋጮ ከደመወዛቸው ላይ እየተቈረጠ እንዲሰበሰብ ነበር። ከንቲባው ሄንሪ ሎብ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ሥልጣን የያዙ ሰው ናቸው። እርሳቸውም የከተማ ሠራተኛ ሥራ ማቆሙ ከሕግ ውጭ ነው፥ ማኅበሩንም አላውቅም፥ መዋጮም አላስቈርጥም ብለው ጸኑ፤ በሥራ አቋሚዎቹም ፈንታ ሌላ ሰው ቀጥረው ጥራጊውን ማንሣት ዠመሩ። የደመወዙ ጕዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በጥቂት ቀን ያልቅ ነበር። የሚያስቸግረው ሌላ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከንቲባው እንደ አባት አዝነው የሚሰጡትን ሳይሆን፥ በፊታቸው ቆሞ የሚዋዋል አካል መሆንን ፈለጉ።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን የከተማው ምክር ቤት ነገሩን ለከንቲባው ሥልጣን ብቻ ትቶ ተነሣ። ሠራተኞቹም ከስብሰባው ወጥተው በዋናው ጐዳና ሲሄዱ ፖሊሶች ዓይን የሚያቃጥል መርዝ ረጩባቸው፤ አብረው የነበሩ ካህናትም ከዚያው ደረሳቸው። ያ ቀን ነገሩን ለወጠው። በማግሥቱ የከተማው ጥቍር ካህናት ተሰብስበው በቄስ ጄምስ ላውሰን መሪነት አንድ ጉባኤ አቆሙ፤ ከዚያ ወዲያ የጥራጊ አንሺዎቹ ነገር የየቤተ ክርስቲያኑ ነገር ሆነ። ምእመናን ለሥራ አቋሚዎቹ ቤተ ሰብ ምግብና ገንዘብ ሰበሰቡ፤ በከተማው መካከል ካሉት ሱቆችም መግዛትን ተዉ፤ በየቀኑም ሰልፍ ተደረገ።

ሰልፈኞቹ በደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሰሌዳ በአራት የእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ ነበር፤ ትርጓሜውም እኔ ሰው ነኝ ማለት ነው። ቅኔ የተማረ ሰው በዚያ ቃል ውስጥ ኅብር እንዳለበት ያስተውላል። በእንግሊዝኛ ያ አንድ ቃል ሰውም ማለት ነው፥ ለዐቅመ አዳም የደረሰ ወንድም ማለት ነው። በዚያ አገር ነጮቹ ጥቍሩን ሽበት ቢያበቅል እንኳ አንተ ልጅ እያሉ የሚጠሩበት ልማድ ነበረ። ስለዚህ ሰሌዳው በአንድ ቃል ሁለት መልስ መለሰ፤ እንስሳ አይደለሁም፥ ልጅም አይደለሁም አለ። ደመወዝ የሚል ቃል በሰሌዳው ላይ አልነበረም።

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ማርች 18 ቀን ወደ ሜምፊስ መጥተው እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ንግግር አደረጉ። ማርች 28 ቀን የመሩት ሰልፍ ግን ተበጠበጠ፤ መስኮት ተሰበረ፥ ፖሊስም ተኵሶ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ገደለ፥ ከተማውም በወታደር ተሞላ። ከዚህ በኋላ በሰላም ሰልፍ ማድረግ እንደሚቻል ለማሳየት እንደ ገና ተመልሰው መጡ። ኤፕሪል 3 ቀን ማታ ነጐድጓድና ዝናብ ሳለ በአዳራሽ ውስጥ የመጨረሻ ንግግራቸውን ተናገሩ፤ በማግሥቱም ኤፕሪል 4 ቀን፥ መጋቢት 26 ቀን 1960 ዓመተ ምሕረት፥ ባረፉበት ሆቴል ሰገነት ላይ ቆመው ሳለ በጥይት ተመተው ሞቱ። ዓለም ሁሉ የሚያስበው ይህን ሞት ነው። ነገር ግን ኪንግ የሞቱት የጥራጊ አንሺዎችን ነገር ሊፈጽሙ መጥተው መሆኑን፥ ነገሩም ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ተፈጸመ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ኤፕሪል 8 ቀን የኪንግ ሚስት ወይዘሮ ኮሬታ ልጆቻቸውን ይዘው ባላቸው ሳይቀበሩ በሰልፉ ፊት ሄዱ፤ 42 ሺሕ የሚገመት ሕዝብ ድምፅ ሳያሰማ ተከተላቸው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ደግሞ የሥራ ሚኒስቴሩን ምክትል ጄምስ ሬይኖልድስን ለማስታረቅ ወደ ሜምፊስ ልከው ነበር። ከከተማው ሰዎችም ፍራንክ ማይልስ የተባሉ በማስታረቅ ሥራ የታወቁ ሰው አብረው ደከሙ። አስታራቂዎቹ ሁለቱን ወገኖች እያነጋገሩ ሲመረምሩ፥ የቀሩት ቋጠሮዎች ሦስት ብቻ መሆናቸው ታወቀ፤ እነዚህንም አንድ በአንድ ፈቷቸው።

ፊተኛው ቋጠሮ የማኅበሩ መታወቅ ነበር። ከተማው ከማኅበር ጋራ ውል አልዋዋልም እንዳለ ስለ ነበረ፥ ጽሑፉ ውል መባሉ ቀርቶ የመግባባት ጽሑፍ ተባለ፥ የከተማውም ምክር ቤት አጸደቀው፤ በውስጡ ግን ማኅበሩ የሠራተኞቹ እንደራሴ መሆኑ ተጻፈ። ሁለተኛው ቋጠሮ የመዋጮው ነገር ነበር። ከተማው ገንዘቡን ቈርጦ ለማኅበሩ አይሰጥም፤ ነገር ግን ሠራተኞቹ ከከተማው የተለየ የቁጠባና የብድር ማኅበር ስለ ነበራቸው፥ ገንዘቡ በዚያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ሦስተኛው ቋጠሮ የደመወዙ ጭማሪ ነበር። በሰዓት 10 ሳንቲም ከሜይ 1 ቀን፥ 5 ሳንቲም ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን ዠምሮ እንዲጨመር ተስማሙ፤ ነገር ግን ከተማው አዲሱ የበጀት ዓመት በጁላይ እስኪገባ ድረስ የምከፍለው የለኝም አለ። በዚህ ጊዜ ኤብ ፕላው የተባሉ የመድኃኒት ነጋዴ ባለጠጋ 60 ሺሕ ዶላር ያህል ከኪሳቸው ሰጥተው ያን ክፍተት ሞሉ፤ ስማቸውም በጊዜው እንዳይገለጥ ፈለጉ። ደግሞም ሹመት በዘመንና በችሎታ እንዲሆን፥ በቀለም አድልዎ እንዳይደረግ፥ የተበደለ ሠራተኛ አቤት የሚልበት ደንብ እንዲኖር ተጻፈ። ኤፕሪል 16 ቀን፥ ሚያዝያ 8 ቀን 1960 ዓመተ ምሕረት፥ ሠራተኞቹ በክሌቦርን ቤተ ጸሎት ተሰብስበው ስምምነቱን ተቀበሉ። ሥራ ከቆመ 65ኛው ቀን ነበር።

ይህን ዕርቅ ላስተዋለው ሰው በሰምና በወርቅ የተሠራ ሆኖ ያገኘዋል። ከተማው ሰሙን ያዘ፤ ውል አልተባለም፥ መዋጮውም በማዘጋጃ ቤቱ እጅ አላለፈም። ሠራተኞቹ ወርቁን ያዙ፤ ማኅበራቸው ታወቀ፥ መዋጮውም ተሰበሰበ። ዐዋቂ አስታራቂ የሚባለው አንዱን ወገን አሸንፎ ሌላውን የሚያሳፍር አይደለም፤ ለአንዱ ስሙን፥ ለሌላው ነገሩን ትቶ ሁለቱም ቀና ብለው ከሸንጎ እንዲወጡ የሚያደርግ ነው። ነገር ግን መራራው እውነት አይሸሸግም። ሦስቱ ቋጠሮዎች ሁሉ ከፌብሩዋሪ ዠምረው የታወቁ ነበሩ፤ መፍትሔያቸውም ያን ያህል ምጡቅ አልነበረም። 15 ሳንቲምና አንድ የስም ለውጥ ለማግኘት የብዙ ሰው እንባ፥ የአንድ ልጅ ደም፥ የአንድ ታላቅ ሰውም ሞት አስፈለገ። ስምምነቱም ራሱን በራሱ አልፈጸመም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ማኅበሩ ከተማው የተስማማበትን እንዲፈጽም ዳግመኛ ሥራ አቆማለሁ ብሎ ማስፈራራት ግድ ሆኖበታል።

ደግሞም አንድ ነገር ከስምምነቱ ውጭ ቀረ፤ ይኸውም እርጅናና ሕማም ነው። እነዚያ ሠራተኞች ከከተማው የጡረታ ሥርዓት ውጭ ስለ ቀሩ፥ አንዳንዶቹ በሽበታቸውም በጥራጊው መኪና ላይ ሲሠሩ ታይተዋል። ከ49 ዓመት በኋላ፥ በ2017፥ የሜምፊስ ከተማ ይህን ጕድለት አምኖ በሕይወት ለተገኙት የዚያ ዘመን ሥራ አቋሚዎች ለየአንዳንዱ ቢያንስ 50 ሺሕ ዶላር እንዲሰጥ ወሰነ። በዚያን ጊዜ ከ1,300ው መካከል የቀሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። የሥራ ውል ምንም ያህል ቢያምር ክንድ በጸናበት ዘመን የሚሠራ ነው፤ ክንዱ ሲዝል፥ ደዌውም የማይድን ሲሆን፥ ሰው በምን ውል ይኖራል? ሁለተኛው ታሪክ የሚዠምረው ከዚህ ነው።

ደዌ የጸናበትን ሰው በእንግዳ ሥርዓት መቀበል ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። ቅዳሴው በኢትዮጵያ የሚቀደሰው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ከከተማው ውጭ ለድኾች፥ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ታላቅ ማረፊያ አቁሞ ነበር። ኤውሮጳውያን ሆስፒስ የሚሉትም ቃል ከላቲን የመጣ ሆኖ የእንግዳ መቀበያ ማለት ነው። በ1842 በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ ዣን ጋርኒዬ የተባለች መበለት ለማይድኑ ሕሙማን ማኅበር አቆመች፤ በ1879 በዱብሊን፥ በ1905 ደግሞ በለንደን የአይርላንድ ደናግል እንደዚህ ያለ ቤት ከፈቱ። ሆኖም በነዚህ ቤቶች ፍቅር ሞልቶ ሳለ የሕማሙን ሥቃይ የሚያስታግሠው ጥበብ ገና አልተደራጀም ነበር፤ በታላላቆቹ ሐኪም ቤቶች ደግሞ ጥበብ ሞልቶ ሳለ፥ የማይድን ሰው የሐኪሙ ሽንፈት ተቈጥሮ በአዳራሹ ጥግ ይተው ነበር።

ሁለቱን ያገናኙት እንግሊዛዊቱ ሲስሊ ሶንደርስ ናቸው። እኒህ ሴት በ1918 ተወልደው አስቀድሞ አስታማሚ፥ ቀጥሎ በሐኪም ቤት የድኾች ጕዳይ ተመልካች፥ በመጨረሻም በ1957 ሐኪም ሆኑ። በ1948 በአንድ የለንደን ሐኪም ቤት ዴቪድ ታስማ የሚባል ከፖላንድ የተሰደደ፥ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት የሠራ አይሁዳዊ በነቀርሳ ታምሞ ሲሞት ያጽናኑት ነበር። ዘመድ የሌለው ያ ስደተኛ ከሶንደርስ ጋራ፥ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች በሰላም የሚያርፉበት ቤት ቢኖር እያለ ይጨዋወት ነበር፤ ሲሞትም ያለውን 500 ፓውንድ ለዚያ ገና ላልተሠራ ቤት መስኮት እንዲሆን ተናዞ ሰጠ። በመስኮቱ ዙሪያ ቤቱን ለመሥራት 19 ዓመት ፈጀ፤ በ1967 ቅዱስ ክሪስቶፎር የተባለው ሆስፒስ በለንደን ተከፈተ፥ ያም መስኮት ተሠራለት። እንግዲህ አንባቢ ሁለቱን 500 ያስተያይ። ከተማው ለሞቱ ሠራተኞቹ የሰጠው 500 መቃብር ዘጋ፤ ሟች የነበረው አስተናጋጅ ለማያውቃቸው ሕያዋን የሰጠው 500 መስኮት ከፈተ።

ሶንደርስ ያስተማሩት ዋና ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የሕሙም ሥቃይ የሥጋ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የአሳብ፥ የቤተ ሰብና የኑሮ፥ የነፍስም ሥቃይ አብሮት አለ፤ ስለዚህ ሐኪሙ ብቻ፥ ካህኑም ብቻ፥ ዘመዱም ብቻ አይችለውም። ሁለተኛው የመድኃኒቱ አሰጣጥ ነው። ቀድሞ ሞርፊን የሚሰጠው ሕሙሙ መታገሥ አቅቶት በጮኸ ጊዜ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥቃዩ ሳይመለስ፥ ሰዓቱ ተጠብቆ፥ በአፍ በሚዋጥ መጠን ቢሰጥ ሰውየው ሳይደነዝዝና ሳይሠቃይ ከሰው ጋራ ተጫውቶ መዋል እንደሚችል አሳዩ። ሰው ለሥቃዩ ማስታገሻ መጮኽ እንዳይኖርበት ማድረግ፥ ሠራተኛ ለደመወዙ መለመን እንዳይኖርበት ከማድረግ ጋራ የሚቀራረብ ነው፤ ሁለቱም ምጽዋትን ወደ ሥርዓት ይለውጣሉና።

በሞንትሪያል ከተማ ሐኪሙ ባልፎር ማውንት በ1975 እንደዚህ ያለ ክፍል ሲከፍቱ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሆስፒስ የሚለው ቃል የድኾች መጣያ የሚል ስሜት ስላለበት፥ ፓሊያቲቭ የሚል ስም አወጡለት፤ ይህም መጐናጸፊያ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። እዚህም እንደ ሜምፊስ ዕርቅ የስም ለውጥ የተዘጋ በር ከፈተ። በዚያው በ1975 በእንግሊዝ በሼፊልድ ከተማ ቅዱስ ሉቃስ የተባለው ሆስፒስ፥ በሐኪሙ በኤሪክ ዊልክስ አሳብ፥ ሕሙማን የማያድሩበት፥ ቀን ብቻ የሚውሉበት ቤት ሠራ።

የመዋያው ቤት ሥራ ቀላል ይመስላል። ሕሙሙ ጧት ከቤቱ በመኪና ይወሰዳል፤ እዚያም ገላው ይታጠባል፥ ጠጕሩ ይስተካከላል፥ ቍስሉ ይታያል፥ የመድኃኒቱ መጠን ይመረመራል፤ ከመሰሎቹ ጋራ ይበላል፥ ይጫወታል፥ እጁ የሚችለውን ይሠራል፤ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥቅሙ ግን ለእርሱ ብቻ አይደለም። በድኻ ቤት አስታማሚው ማነው? ሚስት ወይም ልጅ ናት፤ እርሷም የዕለት ዋጋ ለፍታ የምታድር ናት። በአልጋው አጠገብ ከዋለች እንጀራ የለም፤ ለሥራ ከወጣች ሕሙሙ ብቻውን ይውላል። የመዋያው ቤት ለዚህች ሴት ቀኗን ይመልስላታል። ስለዚህ የሠራተኛ ነገርና የሕሙም ነገር በአንድ ጣራ ሥር የተጠጋጉ ናቸው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

የሼፊልድ አሳብ ግን ገንዘብና ቤት የሚፈልግ ነው፤ ድኻ አገር ምን ያድርግ? ለዚህ መልስ የሰጠው በደቡብ ሕንድ ያለው የኬረላ ግዛት ነው። በ1993 በካሊከት ከተማ ዶክተር ራጃጎፓል፥ ዶክተር ሱሬሽ ኩማርና ጓደኞቻቸው ሥቃይን የሚያስታግሥ ማኅበር በሕክምና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዠመሩ። ብዙም ሳይቈይ ጕድለቱን አዩ፤ ከሩቅ የሚኖር ሕሙም መምጣት አይችልም፥ ሐኪሙም ወደ ሁሉ መሄድ አይችልም። በ2000 ገደማ ሥራውን ለጎረቤት ሰጡት። በየመንደሩ ፈቃደኞች ሰዎች፥ መምህሩም፥ ነጋዴውም፥ ተማሪውም፥ ለጥቂት ሰዓቶች ተምረው በሰፈራቸው በአልጋ የቀረውን ሰው ፈልገው ያገኛሉ፤ ያጥቡታል፥ ያጫውቱታል፥ ሐኪም ወይም አስታማሚ የሚያስፈልገው እንደ ሆነ ይጠሩለታል። ሠራተኛው ከዕለት ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል። ቤተ ሰቡ የተራበ እንደ ሆነ ሩዝ ይሰጡታል፤ ልጆቹም ከትምህርት እንዳይቀሩ ይረዷቸዋል፤ ሕሙሙ ልጆቹ ተርበው ሳለ በሞርፊን ብቻ አይጽናናምና።

ከዚያም ነገሩ ወደ ማዘጋጃ ቤት ደረሰ። በ2008 የኬረላ መንግሥት የማይድኑ ሕሙማንን መጠበቅ በሕዝብ ጤና ውስጥ የሚቈጠር ሥራ መሆኑን በደንብ አውጆ፥ የየመንደሩና የየከተማው ምክር ቤቶች በበጀታቸው አስታማሚ ቀጥረው ቤት ለቤት እንዲያዘዋውሩ አደረገ። በሜምፊስ ማዘጋጃ ቤቱ በ65 ቀን ግፊት የተቀበለውን፥ በኬረላ ምክር ቤቶቹ ጎረቤት ሲሠራ አይተው ተከተሉ። ነገር ግን ይህም እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ጎረቤት የሐኪምን ስፍራ አይተካም፤ ሞርፊንም ያለ ሕግ አይገኝም። ሕንድ በሕግ የተፈቀደ ኦፒየም የምታበቅል፥ ወደ ውጭም የምትሸጥ አገር ሆና ሳለች፥ በ1985 የወጣው ጥብቅ ሕግ ለገዛ ሕሙማኖቿ መድኃኒቱን ብርቅ አድርጎት ነበር፤ ሕጉ የተሻሻለው በ2014 ነው። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ጉባኤ መንግሥታት ሁሉ ይህን አገልግሎት ከጤና ሥርዓታቸው ጋራ እንዲያያይዙት ወሰነ።

በኢትዮጵያም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ሕሙማንን በቤታቸው መጐብኘት ዠምሯል። ነገር ግን ለኬረላ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው የኢትዮጵያ ነገር ዕድር ነው። ዕድር የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም ያውቃል፤ መዋጮው የታወቀ ነው፥ ዳኛው፥ ጸሓፊው፥ ገንዘብ ያዡ የታወቁ ናቸው፤ ድንኳኑና ዕቃው የተዘጋጀ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ባለጠጋና ድኻ ሳይለይ ሁሉም ይወጣል። ኬረላ እንደ አዲስ ያደራጀው የጎረቤት ማኅበር በኢትዮጵያ ከተሞች ውስጥ ተደራጅቶ የሚኖር ነው፤ ልዩነቱ ዕድር የሚነቃው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ይህም ሊለወጥ የማይችል ሥርዓት አይደለም፤ የኤድስ ደዌ በጸናበት ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የታመመውን በቤቱ መርዳት፥ የሙት ልጆችንም መደገፍ ዠምረው ነበር።

ከሞቱ አሟሟቱ ይላል የአገር ሰው። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው በክፉ ሞት ስለ ሞተ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለሕያዋን የተሰጠ ትእዛዝም ይሆናል። ሞትን ማስቀረት የማንም ሥልጣን አይደለም፤ አሟሟትን ማሳመር ግን የጎረቤትም፥ የማዘጋጃ ቤትም፥ የካህንም ሥልጣን ነው። የሜምፊስ ሠራተኞች በሰሌዳቸው ላይ የጻፉትን ቃል በአልጋ የቀረው ሕሙም ሊጽፈው ዐቅም የለውም፤ ሰልፍ አይወጣም፥ ሥራ አያቆምም፥ 65 ቀንም ላይቈይ ይችላል። ስለዚህ ለእርሱ የሚናገርለት ሰው እስኪለምነው ሳይጠብቅ፥ ጥሩምባውም ሳይነፋ፥ አስቀድሞ በሩን ሊያንኳኳ ይገባዋል።